ቆርቆሮዋን እርገጪ

ልብስ ሰፊዋ መርፌ ከጤና ጣቢያው በር እንደወጣች መሮጥ ጀመረች። በአንድ እጇ ልጇን፣ በሌላው እጇ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን የልብስ ሰፊ ሜትር ጨብጣለች። ልጅቱን ትጎትታለች፤ ሜትሩን ደሞ የሚያንቃት ይመስል ከአንገቷ ታርቀዋለች።

«እማዬ ቀስ በይ! ጫማዬ ሊወልቅ ነው!»

«ይውለቅ! ስፌት ቤት ስንደርስ አጠልቅልሻለሁ!»

መንገዱን ግራ ቀኝ ሳታይ ተሻገረች። አንድ ባለታክሲ ፍሬኑን ሲጢጥ አድርጎ ይዞ ጭንቅላቱን በመስኮት አወጣ። «አንቺ ሴትዮ! ዓይንሽን ቤት ጥለሽው ነው የወጣሽው?» ሌላ ቀን ቢሆን ይቅርታ ትለው ነበር። ዛሬ ዞራም አላየችውም። ጆሮዋ ውስጥ የሚጮኸው ነርሷ ያለቻት ነገር ብቻ ነው። አላደገችም። ልጅሽ ባለፈው ከመጣችበት ጊዜ ወዲህ ምንም አላደገችም።

ሲስተሯ እንዲህ ስትላት መርፌ መጀመሪያ ስቃ ነበር። «ሲስተር፣ ተሳስተሽ ይሆናል። እኔ ራሴ ለክቻታለሁ፣ ሁለት ጣት ጨምራለች። ልብስ ሰፊ ነኝ እኮ፣ መለካት ሥራዬ ነው።» ሲስተሯ ልጅቱን መልሳ ግድግዳው ላይ ካለው መለኪያ ሥር አቆመቻትና ተንሸራታቿን እንጨት አናቷ ላይ አሳረፈች። እንጨቷ ቅድም ካረፈችበት ቦታ ንቅንቅ አላለችም። ያኔ ነው መርፌ አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር በእጇ የያዘችው። እስካሁንም አለቀቀችውም።

እንግዲህ ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደኋላ ልመልሳችሁ።

መርፌ የሚሏት አንድም ቀጭን ስለሆነች ነው፣ አንድም ከንፈሯ ላይ መርፌ ስለማይጠፋ ነው። ሰው ስታናግርም፣ ስትቆጣም፣ ስትስቅም እዚያው ነው። «ይቺ ልጅ አንድ ቀን ስታዛጋ ትውጠውና ልብስ ሳይሆን አንጀቷን ትሰፋለች» ይሏታል ባለካውያው። ባለካውያው ክፍሏን የሚጋሯት ሽማግሌ ናቸው፤ እሷ የሰፋችውን እሳቸው ይተኩሳሉ። ክፍሏ ጠባብ ናት። የስፌት መኪናዋ ብርሃን እንድታገኝ በሩ ሥር ተቀምጣለች፣ መሀል ላይ የመቁረጫው ጠረጴዛ አለ፣ ጥግ ላይ የእሳቸው ካውያ በእንፋሎት ያፏጫል። የሰፈሩ ተማሪ ሁሉ ዩኒፎርሙን የሚያሰፋው እዚህ ነው።

መርፌ ልጅ የምትለካበት የራሷ ዘዴ አላት። ሜትሯ ቢጫ ጨርቅ ነው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ቆርቆሮ ተነክሶበታል። ልጁ ጫማውን ያወልቅና ቆርቆሮዋን በተረከዙ ይረግጣል። እሷ ሜትሩን በጀርባው በኩል ሽቅብ እስከ አናቱ ትስብና ጥፍሯ ያረፈበትን ቁጥር ታነባለች። ለዩኒፎርም ቁመት ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። እሷ ቁመቱን ካላየች ሱሪው ላይ ለእድገት ምን ያህል እጥፋት እንደምትተው አታውቅም። ዋናው ግን ሌላ ነው፤ በዚህ ዘዴ ልጅ አይቁነጠነጥም። «ቆርቆሮዋን እርገጥ! ከተንቀሳቀስክ ታመልጥሃለች!» ስትለው ትንፋሹን ውጦ ቀጥ ይላል። ቆርቆሮዋ ቀዝቃዛ ናት፣ ስለምትኮረኩር ይወዷታል።

ከስንትና ስንት ተረከዝ ብዛት የሜትሩ መጀመሪያ ቀለሙ ለቆ ቁጥሩ ጠፍቷል። መርፌ ግድም አልነበራት። ልብስ ሰፊ ጥፍሩ ያረፈበትን ነው የሚያየው፤ መጀመሪያውን ማን ዞሮ ያየዋል?

አንድ ልጅ ናት ያለቻት። ስሟን ያወጡላት ባለካውያው ናቸው፤ ቁልፊት ይሏታል። «የሸሚዝ ቁልፍ ነው የምታክለው፤ ከኪሴ ብትወድቅ በምን አገኛታለሁ?» ይላሉ። ቤት ውስጥ ያስቃል። ትምህርት ቤት ግን አያስቅም። የውሃው ቧንቧ ጋ አትደርስም። የበሩ ዘበኛ ደሞ ቦርሳዋን ይዛ ስትገባ ባየ ቁጥር እጇን ይዞ ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ መስመር ይመልሳታል።

«እማዬ፣ ዛሬም ከሕፃናቱ ጋር አሰለፈኝ» ትላለች ቤት ስትገባ።

«አልነገርሽውም?»

«ነገርኩት። ‹እሺ ትልቋ› ብሎ ከረሜላ ሰጠኝ።»

መርፌ ከረሜላውን አይታ ትስቅና ልጅቱ ስትተኛ ታለቅሳለች። ለቅሶዋን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ታላቅ እህቷ፣ እታለም።

እታለም እህት ብቻ አይደለችም። እናታቸው ስትሞት መርፌ ገና አፍንጫዋን መጥረግ የማታውቅ ልጅ ነበረች። አጥባ፣ አበጥራ፣ ገርፋም ጭምር ያሳደገቻት እታለም ናት። የስፌት መርፌ አያያዝ ያስተማረቻትም እሷው ናት። እታለም በግራ እጇ ነው የምትሰፋው፤ ስለዚህ ጎን ለጎን ሳይሆን ፊት ለፊት አስቀመጠቻትና «መስታወት የምታዪ አስመስዪው» አለቻት። እንደዚያ ተማረች። የእታለም ክር ወደ ግራ ይጋደማል፣ የእሷ ወደ ቀኝ። አንድ ጨርቅ ላይ ሁለቱም ሲሰፉ «የተኳረፈ ባልና ሚስት አልጋ መሰለ» እያሉ ይንከተከቱ ነበር።

እታለም አሁን ትንሽ ሱቅ አላት። ቅባት፣ ማበጠሪያ፣ የፀጉር ላስቲክ ትሸጣለች። ምላሷ ደሞ መላጣ ሰው ማበጠሪያ ገዝቶ አመስግኖ እንዲሄድ ያደርጋል። አንድ ቀን ከሱቋ አንድ ጣሳ ይዛ መርፌ ጋ መጣች። ጣሳው ላይ ኳስ የያዘ ቁመተ ሎጋ ልጅ ፎቶ አለበት፣ ጽሑፉ የውጭ ነው።

«ምንድነው ይሄ?» አለች መርፌ።

«አሚኖ አሲድ።»

«አሲድ? እታለም፣ ልጄን ልታቃጥይብኝ ነው? ባትሪ ውስጥ የሚጨመረው አይደል እንዴ?»

«አይ አንቺ! ያ ሌላ፣ ይሄ ሌላ። ይሄ ሰውነት የሚሠራው ነው። እንቁላል ውስጥ፣ ወተት ውስጥ፣ ሥጋ ውስጥ ያለው ነገር ተጣርቶ ተጣርቶ ዱቄት ሆኖ ነው። ጠዋት አንድ ማንኪያ፣ ማታ አንድ ማንኪያ። ከዚያ ዘበኛው ራሱ አንጋጦ ያያታል።»

«እንቁላሏንስ?»

«እንቁላል በላዩ ላይ ምን ያደርጋል? ደርበሽ ከሰጠሻት ሆዷ ይጨነቃል። ወተቱንም ተይው። ዋናው እዚህ ውስጥ አለልሽ።»

ባለካውያው ካውያቸውን ቀና አደረጉ። «እኔስ ብልሰው አድጋለሁ? ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ?»

«እርስዎ ጊዜው አልፎብዎታል፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ለሆዴ ማሳነሻ አምጪልኝ!»

ተሳሳቁ። እታለም ግን ቁም ነገሩን አልለቀቀችም። «አሁን ለኪያት» አለቻት። «ቆይተሽ ደሞ ትለኪያታለሽ። እኔን አትመኚኝ፣ የራስሽን ዓይን እመኚ።» መርፌ ይሄ ደስ አላት። እኔን እመኚኝ የሚል ነጋዴ በዝቶ፣ ለክተሽ እይ የሚል ማን አለ? ቁልፊት ቆርቆሮዋን ረገጠች፣ ተለካች። እንቁላሉም ወተቱም በዚያው ቀረ። ዱቄቱ ጣፋጭ ነው፤ ልጅቱ እሱን ከላሰች በኋላ ሳህኗን ወዲያ ትገፋለች። መርፌም ዝም አለቻት። ዋናው እዚያ ውስጥ አለ ተብላለችና።

ትምህርት ሊከፈት ሲል፣ ሥራው አናቷ ላይ በወጣበት ሰሞን፣ እታለም ብቅ አለች። መርፌ ከመኪናው ቀና ማለት አልቻለችም። እታለም ከኋላዋ መጥታ ሜትሩን ከአንገቷ ላይ አወለቀችላት።

«ይቺ ቆርቆሮ ላልታለች። የልጅ እግር ትቆርጥብሻለች።»

«ተያት፣ እኔ አጠብቃታለሁ።»

«አንቺማ መች ጊዜ አለሽ፣ የኔ ምስኪን። አምጪ።» በሩ ላይ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ብርሃኑ ላይ ተቀመጠች። መርፌ መኪናዋን እያንኳኳች አንድ ጊዜ ቀና ብላ ጀርባዋን አየችው። ልጅ ሳለች የዩኒፎርሟን ቁልፍ ስትተክልላት እንደዚሁ ጎንበስ ትል ነበር።  ሰው ያለው ሰው ነኝ ብላ አሰበች። እታለም ስትጨርስ ሜትሩን በገዛ እጇ መልሳ አንገቷ ላይ አጠለቀችላት፣ ጉንጯንም ሳመቻት።

ትንሽ ቆይቶ ቁልፊት ተለካች። ሁለት ጣት!

መርፌ አላመነችም። እንደገና ለካች። ሁለት ጣት ነው። ከንፈሯ ላይ ያለውን መርፌ ተፍታ እልል አለች። ጎረቤቱ ሁሉ ምን መጣ ብሎ ተሰበሰበ። ባለካውያው ሊያዩ ሲሮጡ ካውያቸውን ሸሚዝ ላይ ረስተውት ሸሚዙ ተበሳ። ቁልፊት «ዘበኛውን ጥሩልኝ!» እያለች ትዘላለች። እታለምም እልልታውን ሰምታ መጥታ ልጅቱን አቅፋ አለቀሰች። አዎ፣ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅትም። ወሬው በየቤቱ ገባ። መጀመሪያ የመጣችው አንዲት የመንትዮች እናት ናት፤ ሁለቱም ልጆቿ ክስት ያሉ ናቸው። «ያንቺ ልጅ የላሰችውን ነው የምፈልገው» አለች። ሌሎችም ተከተሉ። እታለም ሱቋ ውስጥ ለሚጠይቋት ሁሉ መልሷ አንድ ነው፤ «እኔን አትመኑኝ፣ መርፌ ጋ ሄዳችሁ አስለኩ። እሷ አትዋሽም።» እነሱም መርፌ ጋ ይመጣሉ፣ ልጁ ቆርቆሮዋን ይረግጣል፣ ደብተሯ ላይ ከጻፈችው ከቀድሞ ልኩ ሁለት ጣት አልፎ ይገኛል። ሦስተኛ ጊዜ ሲለካ ግን አይጨምርም። «መጀመሪያ ይፈናጠራል፣ ከዚያ ይረጋል» አለች እታለም። ይሄም ልክ መሰለ።

አንድ ቀን የጫማ ሻጩ ልጅ ሊለካ መጣ። ዱቄቱን በዓይኑም አይቶት አያውቅም። እሱም አድጎ ተገኘ።

«አየሽልኝ!» አሉ ባለካውያው። «የጎረቤት ሽታው ራሱ ያሳድጋል!»

ሳቁ። መሳቅ አልነበረባቸውም።

ደሞ ልብሶቹ አሉ። መርፌ ሰውነት የምትለካው በሜትሯ ነው፣ ጨርቅ የምትለካው ግን ጠረጴዛው ላይ በተቸነከረው የእንጨት ሜትር ነው። በዚያ ሰሞን የሰፋችው ሁሉ ይረዝም ጀመር። ሱሪው መሬት ይጠርጋል፣ እጅጌው ጣት ይውጣል፣ ወገቡ ቀበቶ ይለምናል።

«አንቺ ልጅ፣ ዘንድሮ ልጆቹን ነው ወይስ አጎቶቻቸውን ነው የምትለኪው?» አሉ ባለካውያው ሱሪውን አንጠልጥለው።

እናቶቹ ግን አልከፋቸውም። «ተይው፣ በዚህ እድገቱ ገና ያጥርበታል» ይላሉ። መርፌ ብቻ ነበረች የከፋት። እጄ ተበላሸ፣ ዓይኔ ደከመ ብላ ራሷን ትረግማለች። ሜትሩን መጠርጠር በሐሳቧም አልመጣ። የገዛ አንገትን ማን ይጠረጥራል?

ወደ ዛሬ እንመለስ። ጠዋት የቁልፊት አስተማሪ መርፌን አስጠራቻት። ቁልፊት ዴስኩ ላይ ራሷን ጥላ አልነሳም ብላለች፤ ከንፈሯ ነጥቷል። ጤና ጣቢያ ይዛት በረረች። ሲስተሯ ዓይኗን ገልጣ አየች፣ መዘነቻት፣ ለካቻት፣ ከዚያ «ምን ትበላለች?» አለች። መርፌ በኩራት ጣሳውን ከቦርሳዋ አወጣች። እንቁላሉን እንዳስቀረች፣ ወተቱን እንደተወች፣ ሁሉንም ነገረቻት።

ሲስተሯ ጣሳውን ገልብጣ አነበበችው። አልጮኸችባትም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር።

«ስሚኝ እህቴ። አሚኖ አሲድ የሚባለው ውሸት አይደለም። እንቁላል፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ወተት ስትበላ ሆዷ ውስጥ ተፈጭቶ የሚሆነው እሱ ነው። ሰውነቷም በሱ ነው የሚገነባው። ግን ከምግብ ነው የምታገኘው። ለብቻው የሚያስፈልገው ልጅ ካለ ሐኪም አይቶ ነው የሚያዝለት። ደሞ በሱ ብቻ ልጅ አያድግም፤ ጉልበት የሚሰጥ ምግብ ያስፈልጋታል፣ አትክልት፣ እንቅልፍም። አንቺ ምግቡን አውጥተሽ ዱቄት ተካሽ። ዱቄቱ ውስጥ ደሞ በእርግጥ ምን እንዳለ እኔም አላውቅልሽም።»

«ግን አጭር ናት እኮ ሲስተር…»

«አጭር መሆን በሽታ አይደለም። አጭር ነበረች፣ ግን በራሷ መንገድ እያደገች ነበር። የቆመችው አሁን ነው።»

ይሄን ሰምታ ነው መርፌ የሮጠችው።

ስፌት ቤቷ ስትደርስ ልጅቱን ወንበር ላይ ጣል አደረገቻት። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ጨርቅ በክንዷ ጠርጋ ጣለች። ሜትሩን ከአንገቷ አወለቀችና ቆርቆሮዋን ከእንጨቱ ሜትር መጀመሪያ ጋር አገጣጥማ ዘረጋችው።

ቁጥሮቹ አልተገናኙም። የጨርቁ ሜትር ከእንጨቱ ሁለት ጣት ቀድሟል።

ባለካውያው መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። «አርጅቶ ተለጥጦ ይሆናል፣ ልጄ።»

«የተለጠጠ ሜትር ያሳጥራል ጋሼ፣ አያስረዝምም።» ቆርቆሮዋን ገለበጠቻት። ሥሯ ላይ ያለው ክር ጥቃቅንና ጥብቅ ነው፣ ቆንጆ ስፌት ነው። ሁሉም ወደ ግራ ተጋድሟል።

ባለካውያውም አዩት። የማን እጅ እንደሆነ ያውቃሉ። ዘወር ብለው ካውያቸውን ነቀሉ። 

«ልጅቱን ይዩልኝ» አለችና ወጣች።

እታለም ለአንዲት ሴት የፀጉር ላስቲክ እያስመረጠች ነበር። ከባንኮኒው ጀርባ ልጇ፣ የቁልፊት እኩያ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የተቀቀለ እንቁላል ትልጣለች።

«ውይ፣ ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ አመድ የመሰለው?» አለች እታለም።

መርፌ ሜትሩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። «ይሄን ማን ሰፋው?»

«እኔ ነኛ። ላልቶ አላጠበቅኩልሽም?»

«ከማጥበቅሽ በፊትስ ምን አደረግሽ?»

የእታለም እጅ ላስቲኮቹ ላይ ቀረ። «የኔ እህት፣ ኋላ ተመለሺ እሺ?» ብላ ሴትዮዋን ሸኘቻት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አትጩሂ።»

«አልጮህኩም። ቆረጥሽው?»

«ትንሽ ነች እኮ። ሁለት ጣት ምን አላት?»

መርፌ ክው አለች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ፣ በልቧ ጥግ፣ አልቆረጥኩም ትለኛለች ብላ ትጠብቅ ነበር። ቢያንስ ትዋሸኛለች ብላ።

«ለአንቺ ብዬ ነው» አለች እታለም። «በየቀኑ ስታለቅሺ ማየት አቃተኝ። ዱቄቱን ያመጣልኝ ሰውዬ ይሠራል፣ ግን ቀስ ይላል አለኝ። እስኪሠራ ድረስ ልቧ ይረፍ አልኩ። ኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነበር።»

«መቼ?»

«ሲያድጉ።»

«የመንትዮቹ እናትስ? እሷንም ልቧን ልታሳርፊላት ነው?»

እታለም ላስቲኮቹን በየቀለማቸው መለየት ጀመረች፤ ቀይ ከቀይ፣ ሰማያዊ ከሰማያዊ። መርፌ ዓይኗ በርጩማው ላይ ወዳለችው ልጅ ሄደ።

«እሷስ ዱቄቱን ትወስዳለች?»

እታለም አፏን ሳትከፍት ልጅቱ ቀደመቻት። «አክስቴ፣ እሱ እኮ ለሽያጭ ነው! እማዬ እንዳትነኪ ብላኛለች።» እንቁላሏንም ገመጠች።

መርፌ ባንኮኒውን ይዛ ቆመች።  ከዚህ ሁሉ ውስጥ የትኛው የበለጠ እንዳመማት ለይታ መናገር አትችልም፤ እንቁላሉ ነው መሰለኝ። የእሷ ልጅ ቀርቶባት የዚህኛዋ ያልቀረባት እንቁላል።

«ስሚኝ» አለች እታለም፣ አሁን ድምጿ ሌላ ሆነ። «አሁን ይሄን ብታወጪው እኔ ብቻ አይደለሁም የምጠፋው። ሜትሩ ያንቺ ነው። የለካው እጅ ያንቺ ነው። አላውቅም ነበር ብትዪ ማን ያምንሻል? ይልቅ ሌላ ሜትር እገዛልሻለሁ፣ ዝም በይ። እኔ አይደለሁ እንዴ ያሳደግኩሽ?»

«አንቺ ነሽ» አለች መርፌ። «ስለዚህ ነው ዞሬ ሳላይ አንገቴን የሰጠሁሽ።»

ሜትሩን አንስታ ወጣች። እታለም በስሟ ጠራቻት፣ በልጅነት ስሟ፣ ማንም በማይጠራት ስም። አልዞረችም። ብትዞር እንደምትመለስ ታውቃለች።

ስፌት ቤቷ በር ላይ የመንትዮቹ እናት ቆማለች። ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው፣ ተራ እየተሻሙ፣ በካልሲያቸው ይዘላሉ።

«የት ጠፋሽ? አስለኪን ብለው ሲጨቀጭቁኝ ነው የዋሉት። ሁለተኛውን ጣሳ ጨረስን እኮ!»

መርፌ በሩ ላይ ተገተረች።  ዝም ማለት ይቻል ነበር። ልጆቹ ቆርቆሮዋን ይረግጣሉ፣ እሷ አንድ ቁጥር ትናገራለች፣ ሴትዮዋ ስቃ ትሄዳለች። ከዚያ እቤታቸው ሄደው ያንን ዱቄት ይልሳሉ፣ ሳህናቸውን ወዲያ ይገፋሉ። ወንበሩ ላይ ቁልፊት ራሷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ታያታለች።

«የልጆቹን ምግብ ቀንሰሻል?» አለቻት።

«አዎ፣ እህትሽ ዋናው እዚህ ውስጥ አለ ብላን የለ።»

«መልሺላቸው። ዛሬውኑ።» ከዚያ ሜትሩን ከእንጨቱ ጎን ዘርግታ አሳየቻት። ቆርቆሮዋን ገልብጣ አሳየቻት። የማን ስፌት እንደሆነም ነገረቻት። 

የመንትዮቹ እናት እስክትጨርስ ሰማቻት። ከዚያ ቀስ ብላ «አብራችሁ ነው» አለች።

«አይደለም! እኔም እኮ ዛሬ ነው…»

«በዚህ ሜትር ስንቱን ስትለኪ አታዪም? ልብስ ሰፊ አይደለሽም? ልጆቹን በእግራቸው እያስረገጥሽ! ሲካፈሉ ቆይተው ሲጣሉ ነው እውነት የሚወጣው!»

«በልጄ እምላለሁ…»

«በልጅሽ አትማዪ። የኔዎቹም ልጆች ናቸው።» ሜትሩን ከጠረጴዛው ላይ ነጠቀቻት። «ይሄን በየበሩ እየዞርኩ ነው የማሳየው!»

ባለካውያው «ተይ ልጄ፣ እኔ ምስክር ነኝ…» ብለው ሊነሱ ሲሉ፣ «እርስዎም ሲስቁ ነበሩ!» አለቻቸው። ተቀመጡ። እውነቷን ነው፣ ሲስቁ ነበሩ። የሚያለቅሱ ልጆቿን እየጎተተች ሄደች። አንደኛው መንትያ ካልሲውን እንዳደረገ ጫማውን በእጁ ይዞ ነበር፤ ዞሮ መርፌን አያት፣ ለምን እንዳልተለካ አልገባውም።

ባለካውያው ወጥተው ሁለት እንቁላልና ትንሽ ወተት ይዘው መጡ። ብረት ድስቷን ጥግ ባለችው ትንሽ ምድጃ ላይ ጣዱላት። መርፌ እንቁላሉን ልጣ ለቁልፊት ሰጠቻት። ልጅቱ ሽታውን የረሳች ይመስል አሽትታ ጫፉን ነከሰች። እናቷ የራሷን አንገት ትዳብሳለች፤ እዚያ ቦታ ላይ ሜትሩ የለም፣ እጇ ግን ይሄዳል።

«እማዬ፣ አክስቴ እታለም ነገ ትመጣለች?»

«አላውቅም።»

«እነዚያ ልጆችስ ለምን አለቀሱ? እናታቸው ትመለሳለች?»

«አላውቅም የኔ እናት። ብዪ።»

ቁልፊት አንድ ጊዜ ገመጠችና አኘከች። ከወንበሩ ወርዳ ጫማዋን አወለቀችና መሀል ወለሉ ላይ ተረከዟን ገጥማ ቀጥ አለች። የምትረግጠው ቆርቆሮ የለም።

«እንደገና ካሁን ጀምሬ ብበላ ያ የቆመው እድገቴ ይቀጥላል?»

መርፌ መልስ ፈልጋ ባለካውያውን አየች። እሳቸው ካውያቸውን እያዩ ነው። ከመንገዱ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ የመንትዮቹ እናት ሜትሩን ያሳየቻቸው ብዙ ሴቶች ናቸው፣ ወደዚህ ይምጡ ወደ እታለም ሱቅ ይሂዱ አይለይም። ተነስታ በሩን ልትዘጋ ገፋ አደረገችና ግማሽ ላይ ተወችው። ዘግታ ትሸሸጋቸው ወይስ ከፍታ ትንገራቸው፣ አላወቀችም።